«ለምን ገደሉት?» እና ሌሎች የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ነህ፣ አምድህን ሁሌም አነባለሁ ዛሬ ግን ተናድጄ ነው የምጽፍልህ። አምስት ሲዝን ሙሉ እንቅልፌን አጥቼ ያየሁት ድራማ ላይ የምወደውን ካራክተር በመጨረሻው ክፍል ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ገድለውት ሙዚቃ ለቀቁና አለቀ። ስራ ቦታ ሆኜ ሁሉ ስለሱ ነው የማስበው፣ ባሌ «ፊልም እኮ ነው» እያለ ይስቅብኛል። ጤነኛ ነኝ ግን? ደሞ ይሄ ሁሉ ሰው እየጮኸ ለምንድነው እንደገና የማይሰሩት?
እንቅልፍ ያጣችው

መልስ፦ ጤነኛ ነሽ እህቴ። ባልሽ ቡድኑ ተሸንፎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲተኛ አንቺም «ኳስ እኮ ነው» በይውና እኩል ለእኩል ውጡ።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ በ1893 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም የፈረንጅ ናቸው) ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል መርማሪውን ሼርሎክ ሆምስን ከነጠላቱ ፏፏቴ ውስጥ ሲከተው ታሪኩ ይወጣበት የነበረውን መጽሔት ከ20,000 በላይ አንባቢ ትቶታል ይባላል። ሰውየው አስር ዓመት ገደማ ቆይቶ በ1903 «ኧረ ለካ አልሞተም ነበር» ብሎ መለሰው።

ቲቪ ላይ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፣ የቀረጻው ቦታ ፈርሷል አክተሮቹ ሌላ ስራ ይዘዋል ብሩ አልቋል። ጌም ኦፍ ትሮንስ በ2019 ሲያልቅ የመጨረሻው ሲዝን እንደገና ይሰራልን ብሎ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ኦንላይን ፔቲሽን ፈረመ፣ ምን ተደረገ? ምንም። ጭራሽ በዛው ዓመት ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ የቲቪ ሽልማት በምርጥ ድራማ ወሰደ። የሚገርመኝ ይሄው ድራማ በ2011 ገና በአንደኛው ሲዝን ዋናው ሰውዬ የመሰለንን ኔድ ስታርክን አንገቱን ቀልቶት ነበር እኮ፣ ያኔ ሰው ክው አለ ግን ጥሎ አልሄደም እንደውም ይበልጥ ተጣበቀ። ምክንያቱም ኔድ ማንን እንዳመነ፣ ለማን ምስጢሩን አፍ አውጥቶ እንደተናገረ እያየን ነው ወደ ሞቱ የሄደው። መጨረሻ ላይ ግን 10 ክፍል የነበረው ሲዝን 6 ሆነና ስንት ዓመት የተገነባ ባህሪ በአንድ ሁለት ክፍል ተገልብጦ ከተማ ሲቃጠል አየን፣ እዛ ጋ ነው ሰዉ የፈነዳው። አንቺንም ያንገበገበሽ ሁለቱ ደቂቃ ነው እንጂ ሰውየው መሞቱ አይመስለኝም። ንዴቱ ሲበርድልሽ ከመጨረሻው በፊት ያሉትን ሶስት አራት ክፍሎች መልሰሽ እያቸው፣ ሞቱ ሲመጣ የሚያስታውቅ ነገር ካለ ደራሲው ልክ ነው አንቺ ለቅሶ ላይ ነሽ፣ ከሌለ ግን ተበልተሻል ጩኺ።

ብቻ «ይመለስልኝ» ብለሽ ስለት እንዳትሳይ። ዳላስ የሚባለው የድሮ ድራማ ላይ ቦቢ የሚባለውን በ1985 ገደሉት፣ አክተሩ መልቀቅ ፈልጎ ነው፣ ከዛ ተመልካች ሲሸሽ በ1986 ሰውዬው ሻወር ውስጥ ሲታጠብ ተገኘ! ያለፈው ሲዝን በሙሉ ለካ የሚስቱ ህልም ነው። ማን ምን አደረገ፣ ማን ሞተ፣ ሁሉም ብን። (ከዳላስ የተወለደው ኖትስ ላንዲንግ የሚባለው ድራማ ላይ ደሞ ቦቢ እንደሞተ ቀረ፣ ህልሙን አልሰሙም መሰለኝ።) ከዛ በኋላ እዛ ድራማ ላይ ማንም ቢሞት ማን ከልቡ ያለቅሳል?

ጥያቄ፦ ደራሲዎች መጨረሻውን ከመጀመሪያው ያውቁታል ወይስ እየሄዱ ነው የሚፈጥሩት? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል።

መልስ፦ ውርርዱን አፍርሱት፣ ሁለቱም አለ። (ያላያችሁ ካላችሁ ስፖይለር ነው ዝለሉት።) ብሬኪንግ ባድ የሚባለው ድራማ ላይ ጄሲ የመጀመሪያው ሲዝን ላይ እንዲሞት ነበር የታሰበው፣ ግን ጄሲን የሆነው አሮን ፖል ሲተውን ሲያዩት ተዉት፣ ልጁ እስከ መጨረሻው እስከ 2013 ዘለቀ። በተቃራኒው ሀው አይ ሜት ዩር ማዘር አለላችሁ፣ አባትየው ለልጆቹ እናታቸውን እንዴት እንዳገኛት የሚተርክበት ኮሜዲ። ልጆቹ የሆኑት አክተሮች እንዳያድጉባቸው ብለው የልጆቹን የመጨረሻ ንግግር ገና በመጀመሪያዎቹ ሲዝኖች ቀርጸው ቆለፉበት፣ 2014 ላይ አወጡት። በመሀል ግን ስንት ነገር ተቀየረ፣ እናትየዋ ስትመጣ ሰው በጣም ወደዳት፣ እነሱ ግን ቀረጻው አለቀ አይደል፣ እሷን በአንድ ክፍል ገድለው አባትየውን ወደ ድሮ ፍቅረኛው ሰደዱት። ጩኸቱ ሲበዛ ዲቪዲው ላይ እናትየዋ የማትሞትበት ሌላ መጨረሻ ጨመሩ፣ እኔ እሱን ነው የማየው ሌላውን አላውቀውም። እቅድ ያለው ደራሲ ጥሩ ነው፣ ግን ስምንት ዓመት ያስቆጠረ እቅድ ሲሆን አንዴ ገለጥ አድርጎ ማየት ምን ነበረበት?

ጥያቄ፦ አንድ ድራማ ላይ ባሏን የምትጨቀጭቅ ሚስት አለች፣ አስጠልታኝ የአክትረሷ ፔጅ ላይ ገብቼ ስድብ ጻፍኩ። እህቴ ነውር ነው አለችኝ፣ ሀሳብን መግለጽ አይደል እንዴ?

መልስ፦ እህትህ ልክ ናት። ብሬኪንግ ባድ ላይ ስካይለርን የሆነችው አና ገን ይሄው ነገር ደርሶባት እስከ ግድያ ዛቻ ድረስ ሄዶ ነበር፣ በ2013 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ራሷ ጽፋዋለች። ባልየው አደንዛዥ እጽ እየሰራ ሰው እየገደለ «ጀግና» ተባለ፣ የት ነው የምታመሸው ያለችው ሚስት ተሰደበች! አክትረሷ የጻፉላትን ነው ያወራችው፣ አንተ እንደዚህ ከጠላሃት ደሞ ስራዋን በደንብ ሰርታለች ማለት ነው። ድራማው ካልጣመህ ጽሁፉን ተች፣ ኮሜንትህን ግን አሁኑኑ አጥፋው፣ እህትህ ስክሪንሾት ሳታነሳው አትቀርም።