መልስ፦ ዋና የማይችሉ እናትና የግራንድ ኬይማን ስቲንግሬዮች

እህቴ፣ «መርከባችን ግራንድ ኬይማን (የካሪቢያን ደሴት) ሲቆም ዋና የማይችሉትን እናቴን ስቲንግሬይ ወደሚባሉት ጠፍጣፋ ዓሦች ልውሰዳቸው ወይ?» ላልሽው፣ ያለ ማመንታት ውሰጃቸው እላለሁ። ስቲንግሬይ ሲቲ ኖርዝ ሳውንድ በሚባለው የደሴቲቱ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ፣ ከውኃው በታች ያለ የአሸዋ ቁልል ነው፤ ውኃው በአብዛኛው ከወገብ እስከ ደረት ነው የሚደርሰው። ቢሆንም ከጀልባው ሳይወርዱ የመንሳፈፊያ ጃኬት አልብሻቸው።

እነዚህ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ዓሦች ሰው የለመዱት ዓሣ አጥማጆች በዚያ ጸጥ ባለ ውኃ የያዙትን እያጸዱ ትርፍራፊውን ይጥሉላቸው ስለነበር ነው። ዛሬም የጀልባ ድምፅ ሲሰሙ ይሰበሰባሉ። ሆዳቸው እንደ ሐር ይለሰልሳል፤ የእኔ እናት እዚያ ስወስዳቸው መጀመሪያ ክንዴን ጨምድደው ይዘው ነበር፣ በኋላ ግን ከውኃው አልወጣም አሉ! ጅራታቸው ላይ መርዛማ እሾህ ስላለ ጅራቱን አትንኩ። የሚወጉት ሲረገጡ ወይም ሲጨነቁ ነውና እግራችሁን ሳታነሱ አሸዋውን እየጠረጋችሁ ተራመዱ። ለፎቶግራፍ ብሎ ከውኃ የሚያወጣቸው ሰው ካያችሁ ግን እባካችሁ አትተባበሩ፤ በስንጥባቸው የሚተነፍሱ ፍጥረታት ናቸው።

ጀልባው በመተንፈሻ ቱቦ ኮራል ወደሚታይበት ቦታም የሚሄድ ከሆነ፣ እዚያ ውኃው ጠለቅ ስለሚል እናትሽ ጀልባው ላይ ቢቆዩ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ፦ ደሴቲቱ እንደ አንዳንድ አገሮች በበጋ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት አትገፋም፤ የመርከቡ ሰዓት በአንድ ሰዓት ሊለይ ይችላል። መርከቡም ብዙውን ጊዜ ከዋና ከተማዋ ከጆርጅ ታውን ፊት ለፊት ባሕር ላይ ስለሚቆም በትናንሽ ጀልባ ነው የምትመለሱት። የመጨረሻዋ ጀልባ የምትነሳበትን ሰዓት ጠይቂ።