ልጄን ሃይማኖቷን ያስቀይሯት ይሆን?

ጥያቄ፦ ልጄ ሊባኖስ ከሄደች ስምንት ወሯ ነው። ከቤሩት በላይ ቤይት መሪ በሚባል የተራራ መንደር ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ «ድሩዝ ነን» ብለዋታል። ረመዳን አይጾሙም፣ ቤተ ክርስቲያንም አይሄዱም። እመቤቷ ሐሙስ ማታ ነጠላ የመሰለ ነጭ ነገር ተከናንባ ትወጣለች፣ ልጄን ግን አታስከትላትም። በቀደም ደግሞ ልጄ ትልልቅ የድንጋይ ምሰሶዎች ሥር ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ላከችልኝ። ጎረቤቶቼ «የጣዖት ቤት ነው» አሉኝ። ሃይማኖቷን ያስቀይሯት ይሆን? እንቅልፍ አጥቻለሁ።
እናት ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እናቴ፣ ይቺን ስጋት እንኳ ዛሬውኑ ይጣሏት። ልጅዎ ራሷ «አስገቡኝ» ብላ ብትለምን አይቀበሏትም። ድሩዞች እ.ኤ.አ. ከ1043 ጀምሮ በራቸውን ዘግተዋል፤ ድሩዝ የሚሆነው ከድሩዝ የተወለደ ብቻ ነው።

እምነቱ የተነሳው ከሺህ ዓመት በፊት ካይሮ ላይ፣ በኸሊፋው አል ሃኪም ዘመን ነው። ከሺዓ እስልምና ውስጥ ወጥቶ የራሱን መንገድ ያዘ። እነሱ ራሳቸውን «ሙዋሒዱን» ይላሉ፣ በአንድ አምላክ የሚያምኑ ማለት ነው፤ ትርጉሙ ቢለያይም ቃሉ ከእኛ «ተዋሕዶ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሰው ሲሞት ነፍሱ በሚወለድ ሕፃን ላይ ታድራለች ብለው ያምናሉ። አንድ ወንድ ከአንድ ሚስት በላይ አያገባም። የሙሴን አማት ዮቶርን ደግሞ እንደ ትልቅ ነቢይ ያከብሩታል።

የሐሙሱ ነገር እንዲህ ነው። ድሩዞች ምሥጢሩን የተማሩና ያልተማሩ ተብለው ይለያሉ፣ የተማሩት «ዑቃል» ይባላሉ፣ ሐሙስ ማታ ኸልዋ በሚሉት የጸሎት ቤት ይሰበሰባሉ፣ ነጩም መከናነቢያ የእነሱ ነው። የገዛ ልጆቿ እንኳ ካልተማሩ ምሥጢሩን አይሰሙም። ስለዚህ ልጅዎን ጥላት መሄዷ ንቀት አይደለም።

ጎረቤቶችዎ ስለ ምሶሶው አልተሳሳቱም። ቦታው ዴይር አል ቀልዓ ይባላል። በሮማውያን ዘመን በኣል መርቆድ የተባለ፣ «የጭፈራ ጌታ» የሚሉት ጣዖት ይመለክበት ነበር። ግን ያ ድሮ አበቃ። በኋላ እዚያው አጠገብ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፣ ወለሉ በሞዛይክ ያጌጠ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ማሮናውያን ክርስቲያኖች በቤተ መቅደሱ ላይ ገዳም ሠሩ። የእኛም የሓ እኮ እንዲሁ ነው፣ ጥንታዊው ቤተ መቅደስ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። በመንደሩ ከድሩዞች ሌላ ክርስቲያኖችም አሉ፣ ደወል ትሰማለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፣ መኖሪያ ፈቃዷም በአሠሪዋ እጅ ነው፣ አሠሪው ድሩዝ ሆነ ክርስቲያን ሆነ እስላም ለውጥ የለውም። ፎቶ ለመነሳት መውጣቷ ደስ ብሎኛል፣ ብዙዎቹ ከበር አይወጡም። እና ስትደውል ስለ ጸሎት አይጠይቋት። ፓስፖርትሽ ማን ጋ ነው? ደመወዝሽ በየወሩ እጅሽ ይገባል? በሳምንት አንድ ቀን ታርፊያለሽ? የውሉን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ይበሏትና መልሷን ይጻፉልኝ።