አፕዴቱን አትዝጋው፤ ቀኑን አንተ ቁረጥለት

ወንድሜ፣ አብሽር፤ ጥያቄህ የብዙዎቻችን ነው። ደሴ ያለ መሥሪያ ቤት፣ ሠላሳ ገደማ ኮምፒውተር፣ ገሚሱ ዊንዶውስ 10 ገሚሱ 11። አፕዴት የጀመረ ጠዋት ኢንተርኔቱ ቀጥ ይላል፤ አለቃህም «ሁሉንም ዝጋው» ብለውሃል። ልዝጋ ወይ? የቆዩትንስ ወደ 11 ላሳድጋቸው ወይ? ነው ያልከው። እኔ ኮምቦልቻ እዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፤ ያየሁትን ልንገርህ።

መዝጋቱን እርሳው። መጋቢት 2009 ላይ ማይክሮሶፍት አንድ የደህንነት ማስተካከያ አወጣ። ግንቦት ላይ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ በዋናነት የተመታው ያንን ሳይጭን የቆየው ነው። መፍትሔው ሁለት ወር ሙሉ በነፃ ተቀምጦ ነበር።

ደግሞ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ብዙ ቢሮ አፕዴት የሚዘጋው ለኢንተርኔቱ ሳይሆን ዊንዶውሱ ያለ ፈቃድ የተከፈተ (ክራክ) ስለሆነ «ክራኩ ይነቃብናል» ተብሎ ነው። አንዳንድ ሱቅ የሚጭነው የተቀናነሰ ዊንዶውስ ጭራሽ አፕዴቱ ከውስጡ ወጥቶ ነው የሚመጣው። እንዲህ ዓይነቱ ላይ ምንም ሴቲንግ ብትነካ አይሠራልህም፤ መጀመሪያ እሱን ለይ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የተሸጡ ብራንድ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ፈቃዳቸው ማዘርቦርዳቸው ላይ ነው ያለው። ትክክለኛውን ኤዲሽን (ለቤት የሚሆነውን ሆም ወይም ለሥራ የሚሆነውን ፕሮ) ጭነህ ኢንተርኔት ስታገናኘው ብዙ ጊዜ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል። በዋዛ ክራክ የተደረገ ባለ ፈቃድ ማሽን ስንቱን አይቻለሁ!

አሁን ወደ ቀኑ። ወርኃዊው አፕዴት የሚወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ በኛ ሰዓት ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ። ሮብ ጠዋት ሠራተኛው ገብቶ ሲያበራ ሁሉም ማሽን እኩል ይጎትታል። ያንተ ጠዋት የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ካላንደር አውጣና ደግሞ የሐምሌውን እይ። ያ ማክሰኞ ሁልጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ 7 ባለው ውስጥ ነው የሚውለው። ሰኔ 30 በጀት ተዘግቶ፣ ሂሳብ ክፍል ቆጠራና መዝጊያ ላይ በሚያመሽበት ሳምንት ማለት ነው። በዚያ ሳምንት የገንዘብ ያዧ ማሽን ሪስታርት አድርጎ ሲነሳ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ አልከፍት ቢል፣ ስለ ደህንነት ማስተካከያ ብታወራ ማን ይሰማሃል?

የሰኔው አፕዴት በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ይወጣል። እሱን አስጭንና ከሰኔ አጋማሽ በኋላ የፋይናንስን ማሽኖች ፖዝ አድርጋቸው። ዊንዶውስ እስከ 35 ቀን ይፈቅዳል፤ መዝጊያውን ያሻግርሃል። ጊዜው ካለቀ ግን የተጠራቀመውን ሳይጭን ድጋሚ ፖዝ አይልልህም።

ለሌላው ወር ማሽኖቹን በሦስት ክፈላቸው። መጀመሪያ ያንተና ቶሎ የማይቆጡ ሁለት ሦስት ሰዎች፣ ከየክፍሉ። ከሳምንት በኋላ ብዙኃኑ። ገንዘብ ያዥና ሂሳብ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ይህን በግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ ደንብ መደንገጊያ) ታደርገዋለህ፤ ወርኃዊውን እስከ 30 ቀን፣ ትልቁን የቨርዥን ለውጥ እስከ 365 ቀን ማዘግየት ይቻላል። ሆም ኤዲሽን ላይ ግን ይህ የለም። የቢሮ ማሽን ላይ ሆም ካለህ ከሁሉ በፊት እሱን ወደ ፕሮ ማዞር ነው።

ከመጀመሪያው ቡድን ውስጥ አንዷ ፕሪንተሩ የተሰካባት ፀሐፊ ትሁን። አደራ። እኛ ጋ ፕሪንተር በዩኤስቢ ፀሐፊዋ ማሽን ላይ ይሰካና ሌላው በሼር ያትማል። መስከረም 2014 ላይ የወጣው አፕዴት ይህን ሼር ብዙ ቦታ በጠሰው። ኃላፊው ደብዳቤ ሊያወጣ ፕሪንት ይላል፣ በ11ቢ የሚያልቅ የስህተት ቁጥር ይመጣል። ፀሐፊዋ ጋ ወረቀቱ ይወጣል፣ ከሌላው ክፍል ዝም። ያኔ ብዙ ሰው ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ማስተካከያ) ገብቶ አፕዴቱ ያመጣውን ጥበቃ አጠፋና ተገላገለ፤ ዛሬም እንደጠፋ ያለ ሞልቷል። ንጹሑ መንገድ ፕሪንተሩ የተሰካበትንም የሚያትሙትንም እኩል አፕዴት ማድረግ ነው። ፕሪንተሩ የኔትወርክ ገመድ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ በአይፒ አድራሻው ለየማሽኑ ጫነውና ዕረፍ።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ፣ ሠላሳ ማሽን አንዱን ፋይል ሠላሳ ጊዜ ማውረድ የለበትም። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚለው ውስጥ ግባና እርስ በርስ እንዲቀባበሉ ፍቀድ፤ በቢሮው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ በለው። እዚያው በሥራ ሰዓት የሚወስደውን ፍጥነት መገደብም ትችላለህ። «የዊንዶውስ ሰርቨር ያለው ሰው ደብሊውሰስ (አፕዴቱን ከአንድ ሰርቨር ለሁሉም የሚያከፋፍለውን) ይጠቀም» የሚልህ ይኖር ይሆናል። ይሠራል፣ ግን ማይክሮሶፍት ከፈረንጆቹ 2024 ወዲህ አዲስ ነገር እንደማይጨምርበት ተናግሯል። ለሠላሳ ማሽን ብለህ ዛሬ ከዜሮ አትትከለው።

መስመር ሲቋረጥም አትደንግጥ፤ መቋረጡን ወሎ ያለ ሰው ለምዶታል። ወርኃዊው አፕዴት የቀደሙትን ጠቅልሎ ነው የሚመጣው። የስድስት ወር ቢጠራቀም የመጨረሻውን ከማይክሮሶፍት ካታሎግ አንዴ አውርደህ በፍላሽ ማዳረስ ነው። 11 ላይ ከ24ኤች2 ቨርዥን ጀምሮ ግን ካታሎጉ ሁለት ፋይል ከሰጠህ ሁለቱንም ውሰድ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይገባም።

የቆዩት ማሽኖች ጉዳይ። በ2014ቱ ጦርነት ስንቱ ቢሮ ተዘርፎ፣ አሁን ያለው ማሽን ከየቦታው የተሰባሰበ ነው፤ አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ከአሥረኛ ጎን ተቀምጧል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ያለው ወደ 11 ይሄዳል። «ቲፒኤም (11 የሚፈልገው የደህንነት ቺፕ) የለውም» ብሎ ከመለሰህ ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ፤ ብዙ ጊዜ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚገባበት የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ፒቲቲ በሚል ስም ጠፍቶ ነው ያለው። ባዮስ ከመንካትህ በፊት ግን ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር መኖሩን አጣራና ቁልፉን ወረቀት ላይ ገልብጥ። አለዚያ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ 48 አሃዝ ይጠይቅሃል፤ ከየት ታመጣለህ?

ከስምንተኛ በታች ያለውን ሩፈስ በሚባል የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም አታልሎ 11 መጫን ይቻላል፣ እኔ ግን ለመሥሪያ ቤት አልመክርም። ማይክሮሶፍት አፕዴት ለመስጠት ኃላፊነት አይወስድም፣ የቨርዥን ለውጥ በመጣ ቁጥርም በእጅህ ትደግመዋለህ። የሚከፈልበት ማራዘሚያ አለ፤ ለድርጅት በማሽን የመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፣ ከዚያ በየዓመቱ እጥፍ። በዚህ የዶላር ዋጋ ለአሮጌ ማሽን አያዋጣም። ብራውዘርና ጽሑፍ ብቻ የሚሠራበት ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ነፃውን ሊኑክስ ሚንት ጫንበት። የግድ 10 ላይ መቆየት ያለበት ካለ ኢንተርኔቱን ንቀልለትና በውስጥ ብቻ ይሥራ።

ማሳደጉን ቅዳሜ አድርገው፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ሰክተህ። መብራት መሀል ላይ ከሄደ ጠባሳው ለሰኞ ይተርፋል። ፋይሉን ሌላ ዲስክ ላይ ሳትገለብጥ አትጀምር። ካደግህ በኋላ ወደ ድሮው ለመመለስ 10 ቀን አለህ። በዚያ ውስጥ ዊንዶውስ ኦልድ የሚለውን ፎልደር «ቦታ ያዘ» ብሎ የሚሰርዝ አይጠፋምና ለሠራተኛው ንገር፤ እሱ ከጠፋ መመለሻ የለም።

የየማሽኑን ፕሮሰሰርና ራም ዝርዝር እዚሁ ለጥፍልኝ፤ የትኛው እንደሚያድግ አብረን እናያለን።