ቅጠሉን ስትቆርጡ ሰዓቱን ጻፉ

ክረምት ነው። የጅማን ክረምት ለሚያውቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መብራት ሄዷል፣ ከጎረቤት ቡና ሲቆላ ይሸታል፣ እኔም የድሮ ደብተሮቼን በሻማ እያገላበጥኩ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል በዕፅዋት ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ብልቃጥ አጣቢ ነበርኩ፣ ቀጥሎ ቴክኒሽያን ሆንኩ፣ በኋላ ደግሞ እናንተን የመሰሉ ልጆች አስተማርኩ። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ መጣችና፣ "አጎቴ፣ ባዮኬሚስትሪ ደርሶኛል፤ ግን ዕፅዋት ላይ እዚህ ምን ይሠራል? ማሽኑ የለ፣ መጽሐፉ የለ" አለችኝ። ለእሷ መመለስ ስጀምር ነገሩ ረዘመ። እንግዲያው ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው።

ማሽን ይጎድላል ያለችው እውነቷን ነው። ይሁንና በሥራ ዘመኔ ካየሁት ብልሽት አብዛኛው ማሽኑ ፊት የደረሰ አይደለም። ገና ዛፉ ሥር ሳለን ነው ያበላሸነው።

የራሴን ላውጋችሁ። በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ወደ አጋሮ መንገድ ካለ ጫካ የቡና ቅጠል ልናመጣ ወጣን። ለቅመን በፌስታል ቋጠርንና ከመኪናው ወንበር ሥር ወሸቅነው። ስንመለስ ጎማ ፈነዳ፤ ተቀያሪውም አየር የለውም። ጎሚስታ ፍለጋ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ቡና። ጅማ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ፌስታሉን ስፈታው ሞቅ ያለ እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ቅጠሉ አልቦት እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ዳር ዳሩ ጠቁሯል፣ ሽታውም የለጋ ቅጠል ሳይሆን የቆየ ሻይ ሽታ ነው። መጣል ነበረብኝ። አልጣልኩትም። አረንጓዴ አረንጓዴውን መርጬ ፈጨሁ፣ ለካሁ፣ ቁጥር ሰጠሁ። ቁጥሩ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ፣ ሰንጠረዡም ሪፖርት ውስጥ ገባ። በዓመቱ አንድ ባልደረባዬ ከዚያው ጫካ በበረዶ ሣጥን ያመጣው ቅጠል ከእኔ ቁጥር ጋር አልገናኝ ሲል ሁሉም ማሽኑን ጠረጠረ። ሳምንት ሙሉ ማሽን ሲፈታና ሲገጠም እኔ ጥግ ይዤ አየሁ። ስለ ፌስታሉ የተናገርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ነገሩ ግድ የሚለው ሰው አልነበረም።

ፌስታሉ ውስጥ የሆነውን ለመረዳት ወጥ ቤት ግቡ። አቮካዶ በጅማ አይታጣም። አንዱን ቁረጡና ግማሹን ዝም ብላችሁ ተዉት፤ ግማሹን ሎሚ ቀቡት። ያልተቀባው ቡኒ ይሆናል። በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ፌኖል የሚባሉት ውህዶች በአንድ ክፍል፣ እነሱን የሚያጠቁረው ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ደግሞ በሌላ ክፍል ተለያይተው ይቀመጣሉ። ቢላው ግድግዳውን ሲያፈርስ ይገናኛሉ፣ ኦክስጅን ይጨመርበታል፣ ይጠቁራል። ሎሚው በአሲድነቱና በቫይታሚን ሲው ይህን ያዘገየዋል። ቡና ደግሞ ክሎሮጅኒክ አሲድ የሚባለው ፌኖል የሞላበት ተክል ነው። ለዚህ ነው የቡና ቅጠል በሙቀጫ ስትወቅጡ ዓይናችሁ እያየ የሚጠቁረው። ላብራቶሪ ውስጥ ቫይታሚን ሲና ፒቪፒ የሚባል ዱቄት ጨምረን በበረዶ ላይ የምንፈጨው ሌላ ምሥጢር ኖሮት ሳይሆን የሎሚው ዘዴ ስለሆነ ነው። ፒቪፒው ፌኖሎቹን አንቆ ይይዛቸዋል።

ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያለው ሰው ቅጠሉን እዚያው ጫካ ውስጥ በረዶ ያደርገዋል። እናንተ አታገኙትም እንበል። የምትፈልጉት ውህድ ከፈቀደ፣ ቅጠሉን እንደቆረጣችሁ 80 ከመቶ የሆነ የፈላ ኤታኖል ውስጥ መክተት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። እሳቱን ግን አርቁ፤ ኤታኖል ይቀጣጠላል፣ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ነው የምታፈሉት። ለዲኤንኤ ከሆነ እርጥበት በሚመጠው በሲሊካ ጄል ማድረቅ ይበቃል። በፌስታል ቋጥሮ ከወንበር ሥር መወሸቅ ግን ለምንም አይሆንም።

ይህን ከእኛ በፊት ነጋዴው ያውቀዋል። የጫት ሻጮችን አይታችኋል፤ ጫቱን ውሃ ረጭተው፣ በኮባ ጠቅልለው፣ ፀሐይ እንዳያየው ያቻኩሉታል። (ቃሙ ማለቴ አይደለም፤ እናቶቻችሁ እንዳይቆጡኝ።) በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ብርቱ ውህድ ካቲኖን ይባላል፤ ለይተው ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ላብራቶሪ ሰዎች ናቸው። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ ካቲን ወደሚባል ደካማ ውህድ ይለወጣል። ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ ደረቅ ጫት እየመረመሩ ካቲንን ብቻ ሲያገኙ ኖረዋል፤ ነጋዴው ደግሞ ያንን ሁሉ ዘመን ኮባውን ሲያረጥብ ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግን እንዶድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ናቸው። ከዚያ የተነሣው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አስገኝቷል። ይህን ትምህርት ቤት ሰምታችሁት ይሆናል። ብዙ ጊዜ የማይነገራችሁ ሌላው ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ውህድ በሁለት ወገኑ የስኳር ሰንሰለት የታሰረበት ነው፤ በዚህ መልኩ እያለ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬውን በውሃ ስትወቅጡት የራሱ የፍሬው ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ገዳይ የሚሆነው ያኔ ነው። ወጣቱ ኬሚስት ግን ወግ ነው ብሎ ሜታኖል በሚባለው አልኮል ቢያወጣው ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይሠራ ይቀራል፤ የሚወጣው ሳፖኒንም ያልተቆረጠውና ሥራ የማይሠራው ይሆናል። "የሕዝብ መድኃኒት ተረት ነው" ብሎ ሊጽፍም ይችላል። ጥፋቱ የሜታኖሉ ነው፤ ሴቶቹ የወቀጡት በውሃ ነበር። ስለዚህ አንዲት እናት ስለ ተክል ስትነግራችሁ ስሙን ብቻ ይዛችሁ አትሩጡ። በምን ወቀጡት? በቀዝቃዛ ነው በፍል ውሃ? አሳደሩት? ትኩስ ነው ደረቅ? ከዚያ በኋላ ላብራቶሪ ግቡ።

ስም ካነሣሁ አይቀር፣ ስም ብቻውን አያስተማምንም። እዚህ ጅማ አንዱ ግራዋ ያለውን ሌላው ኢቢቻ ይለዋል፤ አንዱ ብሳና ያለውን ሌላው በከኒሳ ይለዋል። ይህስ በቀላሉ ይፈታል። የሚቸግረው አንድ ስም ለሁለት ተክል ሲሆን ነው። መድኃኒቱ ቅርንጫፉን ከነአበባው ወይም ከነፍሬው በጋዜጣ መሐል ተጭኖ ማድረቅና ለሄርባሪየም፣ ማለትም ለደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ፣ መስጠት ነው። አንድ ጊዜ ቅጠል ብቻ ይዤ አዲስ አበባ ወጣሁና የሄርባሪየሙ ሰው ከመነጽሩ በላይ አይቶኝ፣ "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሰላጣ ነው" አለኝ። እውነቱን ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ይህን ሲሰበስብ ቆይቷል፤ የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት ፍሎራ የሚባለው የአገሩን ዕፅዋት የሚዘረዝር መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 በ8 ቅጽ ተጠናቋል። ገጹን ለመግለጥ ብቻ መሄድ ያዋጣል። ሳይንሳዊ ስሙ ተለውጦ እንደሆነ ደግሞ የለንደኑ የኪው የዕፅዋት ማዕከል በኢንተርኔት ባስቀመጠው የዓለም ተክሎች ዝርዝር በስልካችሁ ታጣሩታላችሁ።

ስለ ስልክ ካነሣን፣ እናንተ ባለፀጋ ናችሁ። በእኛ ጊዜ የእርሻ ጆርናሎች በሣጥን ሙሉ ሲዲ ተጭነው ይመጡ ነበር፤ አንዱ ሲዲ ከተቧጨረ የአንድ ዓመት ዕውቀት ጠፋ ማለት ነው። ዛሬ ሂናሪና አጎራ የሚባሉት መግቢያዎች እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት ብዙ ሺህ ጆርናሎችን ይከፍታሉ፤ የይለፍ ቃሉን የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ጠይቁ፣ አያሳፍሯችሁም። የውህድ ቅርጽ ለማየት ፐብኬም፣ ውህዱ በምን በምን ደረጃ እንደሚገነባ ለማየት ኬግ አለ፤ ሁለቱንም በነፃ ታዩዋቸዋላችሁ። ጽሑፍ ተቆልፎባችሁ ከሆነ ለጸሐፊው በጨዋ ቋንቋ ኢሜይል ላኩ፤ ብዙዎቹ ይልካሉ። ይህን ያህል ይበቃል፤ በዚህ በኩል እናንተ ለእኔ ታስተምሩኛላችሁ።

ኢንተርኔቱ የማይሰጣችሁን ግን ጅማ ትሰጣችኋለች። ጎማ ወረዳ፣ ጮጬ፣ የቡና ዝርያዎች በሕይወት የተተከሉበት ማቆያ አለ። የቡና ዘር እንደ ጤፍና እንደ ገብስ ደርቆ ቅዝቃዜ ውስጥ ለዓመታት መቀመጥ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ባንኩ ማሳ ነው፣ ተቀማጩም ዛፍ ነው። መልኮ ደግሞ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ገበሬውን ባስለቀሰ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች ከየጫካውና ከየማሳው በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን እየለዩ ሰበሰቡ። ዛሬ ገበሬው 74110 እያለ የሚጠራት ቡና ከነዚያ አንዷ ናት። ቁጥሯ ላይ ያለው 74 እ.ኤ.አ. የተመረጠችበት ዓመት ነው። ሃምሳ ዓመት ያልጠፋ መለያ ወረቀት ስሟ ላይ ተለጥፎ ይዞራል።

ሌላም ልጨምር። አረቢካ ቡና በተለምዶ ከመቶ 1.2 ገደማ ካፌይን አለው። ተክሉ ካፌይንን የሚሠራው በሦስት ደረጃ ሜቲል የሚባል ቁራጭ እየለጠፈ ነው፤ ከመጨረሻው በፊት ያለው ቴኦብሮሚን ይባላል፣ በካካዎ ውስጥ የሚበዛው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ብራዚል ውስጥ ካፌይናቸው ከመቶ 0.07 ብቻ የሆነ 3 ዛፎች ተገኙ። የመጨረሻዋ ልጥፍ እነሱ ላይ አትሠራም፤ ስለዚህ ቴኦብሮሚን ላይ ይቆማሉ። ዘራቸው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ የሄደ ነው። ያኔ እዚህ ብዙ ሰው ተቆጣ፤ እኔም ተቆጥቻለሁ። ቁጣው ሲበርድ ግን አንድ ነገር ገባኝ፦ እነዚያ ዛፎች የማን እንደሆኑ ልንከራከር የቻልነው አንድ ሰው ከአርባ ዓመት በፊት ዘሩ ከየት እንደመጣ ስለጻፈ ነው። ዛሬ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ይጠብቃል። የውጭ ጓደኛ "ትንሽ ቅጠል ላክልኝ" ቢላችሁ መጀመሪያ አዋጁን አንብቡ።

እንግዲህ መለያ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ? የዛፉ ቁጥር፣ ቦታው፣ ቅጠሉ ከጫፉ ስንተኛው ጥንድ እንደሆነ ጻፉ፤ ለጋው የቡና ቅጠል ከጎልማሳው የበለጠ ካፌይን አለውና። ሰዓቱንም ጻፉ፤ ቅጠል ቀን ቀን ስታርች ያከማቻል፣ ሌሊት ይበላዋል፣ የጠዋቱና የማታው ቅጠል አንድ አይደለም። በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ኤታኖል ሲነካው ይሟሟል። ከዚያ ደግሞ የእኛ አገር ጣጣ አለ። አንድ ጊዜ 5/6/98 የሚል ፖስታ አገኘሁ። የካቲት 5 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1998? አንዱ በጋ ነው፣ አንዱ ዝናብ፤ በመካከሉ ስምንት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ አለ። የጻፈው ሰው አገር ለቋል። ፖስታው ተጣለ። ወሩን በስሙ ጻፉ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉ፣ ሰዓቱንም በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሩ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የማላውቃት ተማሪ ደወለችልኝ። ቁም ሣጥን ሲጸዳ የእኔ ፊርማ ያለበት የደረቀ የቡና ቅጠል ፖስታ አግኝታለች። ዛፉም፣ ቦታውም፣ ቀኑም አለ፤ ሰዓቱ ግን 3:20 ብቻ ይላል። ለእናንተ የምመክረውን ያኔ እኔው አላደረግሁትም ማለት ነው። "ጋሼ፣ ጠዋት ነው ከሰዓት?" አለችኝ። መስመሩ ላይ ጠብቂኝ ብዬ ደብተሩን ፈለግሁ። "ከጠዋቱ 3:20፣ በእኛ አቆጣጠር። ዝናቡ አባርቷል፣ ቅጠሉ ግን ገና ይንጠባጠብ ነበር" ብዬ አነበብኩላት። ትንሽ ዝም አለችና፣ "ታዲያ ክብደቱ ከነውሃው ነው?" ብላ ጠየቀች።

"በሶፍት አድርቄው ነው የመዘንኩት" አልኳት። "እሱም ተጽፏል።"