ሃይሉክስ ደንገጎ ላይ ሲሞቅ ባለ ሦስት ረድፍ ራዲያተር ይፈታዋል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «3ኤል ሞተር ያለው የቆየ ሃይሉክስ ጭኜ ከድሬ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ሳልደርስ መርፌው ቀይ ይነካል፤ ባለ ሁለት ረድፉን ራዲያተር በባለ ሦስት ልቀይር ወይ?» ነው። ረድፍ የሚባለው ውሃ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ከፊት ወደ ኋላ የተደረደሩበት ነው። መቀየሩ ይጠቅማል። ግን ሙቀቱ ከየት እንደመጣ ሳትለይ ከገዛህ አዲሱም ይፈላብሃል።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደንገጎ ከ2,000 ያልፋል። ያን ዳገት ጭነህ በ2ኛ ማርሽ ስትወጣ ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ያወጣል፣ መኪናው ግን ቀስ እያለ ስለሚሄድ ከፊት የሚገባው ነፋስ ትንሽ ነው። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋኑ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ደወሌ በሚወስደው ሜዳ መንገድ በ80 ስትነዳ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ ከሞቀ መጀመሪያ ፋኑን ጠርጥር። ሜዳውም ላይ በፍጥነት ስትነዳ ከሞቀ ራዲያተሩ ሳይደፈን አይቀርም።

ፋኑን ለመፈተሽ ሞተሩን በደንብ አሙቀህ አጥፋና ወዲያው በእጅህ አዙረው። ከበድ ብሎ መቆም አለበት። እንደ ልቡ ሁለት ሦስት ዙር ከዞረ የፋኑ ክለች (ፋኑን ከሞተሩ ጋር አያይዞ የሚያዞረው) ሞቷል፤ ብዙ ጊዜ መሀሉ ላይ ዘይት የረጨ ምልክትም ታያለህ። ሁለተኛው ፋኑን ዙሪያውን የሚከበው የፕላስቲክ ከለላ ነው። በብዙ የቆዩ ፒካፖች ላይ ተሰብሮ ተጥሏል፣ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ከለላው ከሌለ ፋኑ ከፊቱ ባለው ክብ በኩል ብቻ ይስባል፣ የራዲያተሩ አራት ማዕዘኖች ሥራ ይፈታሉ፣ የሞተሩ ትኩስ አየርም ተመልሶ ይገባል። ከለላ ፈልገህ ግጠም፤ የፋኑ ምላስ ግማሹ ከለላው ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሲሆን ነው በደንብ የሚስበው።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ድሬ ቤት ያለ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን እይ፣ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል። የቧንቧ ውሃ የሚሞላ ራዲያተር ውስጥም፣ ሞተሩ ውስጥ ባለው የውሃ መተላለፊያም የሚሆነው ያው ነው። ቅርፊቱ ሙቀት አያሳልፍም። ለማረጋገጥ ሞተሩን አሙቀህ አጥፋና የራዲያተሩን ፊት ከላይ እስከ ታች ዳስስ (እጅህ እንዳይቃጠል ተጠንቅቀህ)። ሙቀቱ እኩል እየቀነሰ መውረድ አለበት፤ በመሀል ቀዝቃዛ ሰንበር ካገኘህ እነዚያ ቱቦዎች ተደፍነዋል።

ስትቀይር ሦስተኛው ረድፍ 50 በመቶ ይጨምርልኛል ብለህ አትጠብቅ፤ እሱ ጋ የሚደርሰው አየር በሁለቱ ረድፎች አልፎ የሞቀ ነው። ስለዚህ የቆርቆሮ ቅጠሎቹ ያልተጣመሙ፣ ፊቱ ሰፊ የሆነውን ምረጥ። ከመግዛትህ በፊት የኮሩን (ቱቦዎቹና ቅጠሎቹ ያሉበትን የራዲያተሩን መሀል) ቁመት፣ ወርድና ውፍረት፣ የሁለቱን አፎች ስፋትና በየትኛው ጎን እንዳሉ፣ የብሎኖቹን ርቀት ለካ። ኮሩ ሲወፍር ወደ ፋኑ ይጠጋል፤ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፣ አለዚያ ኮረኮንች ላይ ሞተሩ ሲወዛወዝ ምላሱ ኮሩን ይበላዋል።

ለእኛ መንገድ መዳብ እመርጣለሁ። አሉሚኒየሙ ቀላል ነው፣ በደንብ ያቀዘቅዛል፤ ግን ፕላስቲክ ታንክ ያለው መጋጠሚያው ላይ ሲሰነጠቅ የሚጠግንልህ አታገኝም፣ ሙሉ አሉሚኒየሙም ልዩ ብየዳ ይፈልጋል። መዳቡን የራዲያተር ሠራተኛ በስታኞ (በሚቀልጥ ቆርቆሮ) በይዶ ይዘጋልሃል፣ ታንኮችህ ደህና ከሆኑ ኮሩን ብቻ በባለ ሦስት ረድፍ መቀየርም ይቻላል። በየትኛውም ቢሆን ከሥሩ የሚቀመጡትን ጎማዎች አድስ።

አዲሱን ሳትገጥም በሞተሩ ውስጥ ያለውን የውሃ መተላለፊያ እጠብ፤ ካልሆነ ከውስጡ የሚላቀቀው ዝገት በሳምንት ይደፍነዋል። ተርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተውን ቫልቭ) አውጣ፣ ውሃ በተቃራኒ አቅጣጫ እየለቀቅህ እስኪጠራ ድረስ አጥራ። ከዚያ አዲስ ባለ 82 ዲግሪ ተርሞስታት መልስ፣ ትንሿ የምትንቀሳቀሰው ፒን ወደ ላይ ትሁን። «ሙቅ አገር ነው» ብሎ ያለ ተርሞስታት መንዳት ስህተት ነው፤ ከታቹ ሁለተኛ ዲስክ ያለው ዓይነት ሲወጣ አቋራጩ መንገድ ክፍት ይቀርና የፈላው ውሃ በራዲያተሩ ሳያልፍ ተመልሶ ይዞራል።

የራዲያተሩ ክዳንም አዲስ ይሁን፣ 0.9 (የግፊት መጠኑ ነው) የሚል። ደንገጎ ላይ ተራ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ክዳኑ ግፊቱን ሲይዝ ግን ከ110 ያልፋል። ስለዚህ የላላ ክዳን ብቻውን መኪና ያፈላል። የታችኛው ጎማ ቱቦ ውስጡ ስፕሪንግ ከሌለው የውሃ ፓምፑ በፍጥነት ሲስብ ይጨመቅና ውሃ ያቋርጣል፤ ቱቦውን ከነፋሸታው ቀይር።

የምትሞላው እኩል ኩላንትና የተጣራ ውሃ ነው፤ ለባትሪ የሚሸጠው ይሆናል፣ ብቻ አሲድ አለመሆኑን አረጋግጥ። ቀለማቸው የተለያየ ኩላንቶች አትደባልቅ። የፊቱን ጎማ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አውጣ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ ክፈት፣ ቀስ እያልክ ሙላ፣ ቱቦውን እየጨመቅህ አየሩን አስወጣ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ተርሞስታቱ እስኪከፍት አስነሳውና የጎደለውን ጨምር።

ብር ከማውጣትህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተህ አስነሳ። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ተበልቷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ያኔ ገንዘቡን ወደዚያ አውለው፤ ራዲያተሩ ይቆይ።