መልስ፦ ለጀማሪም ልምድ ላለውም የሚሆን ደሴት

ወንድሜ፣ «ከአራታችን ሁለቱ ተራራ ላይ ብስክሌት ነድተው አያውቁም፤ የትኛው ደሴት ይሻለናል?» ላልከው፣ እኔ ብሆን የጣልያኗን ኤልባን እመርጣለሁ። ከጣልያን የወደብ ከተማዋ ከፒዮምቢኖ በመርከብ አንድ ሰዓት ገደማ ናት። ማረፊያችሁን የደሴቷ ከተማ ካፖሊቬሪ አድርጉት፤ የ2021 የተራራ ብስክሌት ማራቶን የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው እዚያው ነው። ደስ የሚለው ግን ለጀማሪም መሆኑ ነው፦ በካላሚታ ተራራ ዙሪያ ሰፊ የጠጠር መንገድ አለ፤ ባሕሩን እያዩ፣ የድሮውን የብረት ማዕድን ማውጫ እያለፉ ቀስ ብሎ መንዳት ይቻላል። እናንተ ሁለታችሁ ከላይ በቀጭኑ ዱካ ስትወርዱ እነሱ በሰፊው ይሄዳሉ፤ ለምሳ ትገናኛላችሁ። ዳገቱ ቀልድ አይደለም፤ ለጀማሪዎቹ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ተከራዩላቸው (ኩራታችሁን ዋጥ ካደረጋችሁ ለራሳችሁም!)። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት፣ ሙቀቱም የሰው ብዛቱም አይቻልም። ግንቦት ወይም መስከረም ይሻላል።