«ለኤጀንት ልክፈል ወይስ ራሴ ላመልክት?» ብለሽ ለጠየቅሽው የአይቲ ተማሪ

ጥያቄውን ላላያችሁት፣ እህታችን እዚሁ አዲስ አበባ አይቲ የምትማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ሲጂፒኤዋ 3.2 ነው። ውጭ ሄዳ ማስተርስ መማር ትፈልጋለች። አንድ ኤጀንት «ሙሉ ፕሮሰሱን እኔ እጨርስልሻለሁ» ብሎ ዳጎስ ያለ ብር ጠይቋታል። እሷ የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሳልመረቅ ማመልከት እችላለሁ ወይ? 3.2 ያስገባል ወይ? አይኤልትስ ግዴታ ነው ወይ?

እኔ አይቲ ተመርቄ ጀርመን ማስተርሴን ሠርቼ የተመለስኩ ነኝ። አሁን የምሠራው አራት ኪሎ ነው። የሰፈሩ ተማሪዎች ማመልከቻ ሲሞሉ ይመጡብኛል፤ ስለዚህ የራሴን ብቻ ሳይሆን የብዙ ልጆችን ፋይል አይቻለሁ። አጭሩ መልስ ይኸው፦ ለኤጀንቱ አትክፈይ። 3.2 ያስገባል። ሳትመረቂም ማመልከት ትችያለሽ። አይኤልትስ ደግሞ እንደ ትምህርት ቤቱ ነው።

ግን ከሦስቱም የሚበልጠውን ጥያቄ አልጠየቅሽም። የተማርሽው አይቲ ነው፣ የምታመለክቺው ምንድን ነው?

ጀርመን የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ስታመለክቺ መጀመሪያ የሚታየው ውጤትሽ አይደለም፤ የኮርሶችሽ ዝርዝር ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከሒሳብ ይህን ያህል ኢሲቲኤስ፣ ከቲዎሪ ይህን ያህል፣ ከአልጎሪዝምና ከፕሮግራሚንግ ይህን ያህል ብለው ቁርጥ ያለ ቁጥር ያስቀምጣሉ። ኢሲቲኤስ የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ ነው፤ አንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ሥራ ማለት ነው፤ ክፍል የምትቀመጪበትም ቤት የምታጠኚበትም ተደምሮ። የኛ አይቲ ደግሞ ኔትወርክ፣ ዳታቤዝ፣ ሲስተም አድሚኒስትሬሽን፣ ዌብ ላይ ያዘነብላል። ኦቶማታ፣ ኮምፓይለር፣ ሊኒየር አልጀብራ ላይ ከኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች እናንሳለን። 3.8 ይዞ በዚህ ብቻ የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ። ከሱ በታች ውጤት የነበራት የክፍል ጓደኛው ግን ገብታለች። ያመለከተችው ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ነበር፤ የሚጠየቀውም የተማረችው ነው።

ስለዚህ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ስም እያሳደድሽ አትድከሚ። የፕሮግራሙን የመግቢያ መስፈርት ክፈቺና ትራንስክሪፕትሽን አጠገቡ አስቀምጠሽ ኮርስ በኮርስ አስተያዪ። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ፣ ሳይበር ሴኪዩሪቲ፣ ኮሚዩኒኬሽን ኔትወርክስ፣ ዳታ ኢንጂነሪንግ የሚሉት ላይ ዕድልሽ ይሰፋል። ጀርመን ውስጥ ሆኽሹለ የሚሏቸው ተግባር ላይ የሚያተኩሩ ተቋማት አሉ፤ እነሱም ለኛ ዓይነት ተመራቂ ይመቻሉ። እዚህ አገር ሰው ስማቸውን ስለማያውቀው ይንቃቸዋል። ቀጣሪ ግን አይንቃቸውም።

አሁን የምነግርሽን በዚህ ሳምንት አድርጊው። ዲፓርትመንትሽ ሂጂና የካሪኩለሙን ኮርስ ዲስክሪፕሽን ጠይቂ። እያንዳንዱ ኮርስ ምን ምን እንደሚያካትት፣ ስንት ክሬዲት አወርና ስንት ኢሲቲኤስ እንደሆነ የሚያሳየውን ማለቴ ነው። ማኅተም ይደረግበት። ትራንስክሪፕት ላይ የሚወጣው የኮርሱ ስም ብቻ ነው። ዲስክሪት ማት ውስጥ ግራፍ ቲዎሪ መማርሽን ጀርመን ያለ ሰው በምን ያውቃል? ከተመረቅሽ በኋላ ይህን ወረቀት ማግኘት ፈተና ነው፤ ካሪኩለሙ ይቀየራል፣ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ይቀየራል፣ አዲሱ ሰው «የናንተ ባች እኔ ጋ የለም» ይልሻል።

ስለ 3.2። ጀርመኖች የውጭ ውጤት የሚቀይሩበት ቀመር አላቸው። ከከፍተኛው ውጤት ያንቺን ትቀንሻለሽ። ከዚያ ከከፍተኛው ዝቅተኛውን ማለፊያ ትቀንሻለሽ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍለሽ በ3 ታባዢና 1 ትደምሪበታለሽ። እኛ ጋ ከፍተኛው 4፣ መመረቂያው 2 ነው። ስለዚህ ያንቺ 3.2 እነሱ ጋ 2.2 ይሆናል። ቁጥሩ ሲያንስ አትደንግጪ፤ እነሱ ጋ ምርጡ 1 ነው። ብዙ ፕሮግራሞች 2.5 ላይ ይቆርጣሉ፤ ያ በኛ ልክ 3.0 ነው። አንቺ ከመስመሩ በላይ ነሽ።

«ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው» የሚለውን ግን በግማሽ ተቀበይው። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ እውነት ነው። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲም ማስከፈል ጀምሯል። ዩኒ አሲስት በሚባለው፣ ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪ ማመልከቻ ተቀብሎ በሚያጣራው ድርጅት በኩል ስታመለክቺ የመጀመሪያው 75 ዩሮ፣ ለዚያው ሴሚስተር እያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ነው። ይሄ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ብሎክድ አካውንት የሚሉት ነው። ቪዛ ለማግኘት የአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ ዝግ ሒሳብ ውስጥ አስገብተሽ ማሳየት አለብሽ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ይህ በብር ስንት እንደሚመጣ እኔ አልነግርሽም። ራስሽ አባዢው፤ ቁጭ ብለሽ ግን።

ቤተሰብሽ ይህን ካልቻለ መንገድሽ ስኮላርሺፕ ነው። ለአይቲ ልጅ መጀመሪያ የምጠቁመው የአውሮፓ ኅብረትን ስኮላርሺፕ፣ ኢራስመስ ሙንዱስን ነው። ቢያንስ ሁለት አገር እየተዘዋወርሽ ትማሪያለሽ፣ የትምህርት ክፍያ አይኖርብሽም፣ እስከ 24 ወር ድረስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጡሻል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሥራ ልምድ አይጠይቁም፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪም ያያሉ። ዳታ ከወደድሽ ቢዲኤምኤ የሚባለውን እዪ። ዘንድሮ የትኞቹ ተማሪ እንደሚቀበሉ የአውሮፓ ኅብረት ካታሎግ ላይ ይገኛል። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ተመርቀሽ ዕረፍት ላይ ሆነሽ «እስኪ ልሞክር» ስትዪ ያልፍሻል።

የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ በየዓመቱ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ገደማ ክፍት ነው። ማመልከቻው ነፃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቱርክኛ ትማሪያለሽ፤ ያ የማይመችሽ ከሆነ እለፊው። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቺቭኒንግና የጀርመኑ ዳድ (DAAD) የሚሰጠው ኢፖስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቁ ለጊዜው ያንቺ አይደሉም።

ውጭ ሲባል ሁላችንም አውሮፓንና አሜሪካን ነው የምናየው። ኪጋሊን ማን ያስባል? የአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከ2011 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ እዚያ ካምፓስ አለው። ከሚያስተምራቸው ማስተርሶች የአንዱ ስም ራሱ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ነው፤ ዲግሪውም የካርኔጊ ሜለን ነው። ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ስለሚሠሩ ለአፍሪካ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ አለ። ውድድሩ ቀላል ነው እያልኩሽ አይደለም። ግን እኔ ጋ ከሚመጡት ልጆች ይህን በዝርዝራቸው ውስጥ ያስገባ ብርቅ ነው።

ሳትመረቂ ማመልከት የሚቻለው እንዲህ ነው፦ እስካሁን ያለውን ትራንስክሪፕትና «ተመራቂ ተማሪ ናት፣ በዚህ ወር ትጨርሳለች» የሚል የሬጅስትራር ደብዳቤ ታያይዣለሽ። ጣጣው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ከ2015 ወዲህ ኤግዚት ኤግዛም 50 ካላመጣሽ ዲግሪ የለም። ፈተናው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። የብዙ ጀርመን ፕሮግራሞች የመጨረሻ ቀን ደግሞ ሐምሌ 8 ነው፤ ከዚያ የሚቀድሙም አሉ። ስለዚህ ቴምፖራሪው (ጊዜያዊ ዲግሪው) እስኪወጣ አትጠብቂ። የወጪ መጋራት ውል ካለብሽም ኦሪጅናሉን የምታገኚው እሱን ስታጠናቅቂ ስለሆነ አስቀድመሽ ሬጅስትራር ጠይቂ።

ስምሽን አሁኑኑ አመሳክሪ። ካሳ የሚለው ስም ፓስፖርት ላይ በሁለት ኤስ፣ ትራንስክሪፕት ላይ በአንድ ኤስ ከሆነ እዚህ ማንም ግድ የለውም። እዚያ ግን ሁለት ሰው ነው። የትውልድ ቀንም እንዲሁ፤ አንዱ ላይ በኛ፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ የሚያምታታ ሞልቷል። ተማሪ ሆነሽ ማስተካከል ከተመረቅሽ በኋላ ከመሯሯጥ ይቀላል። ሰነድ ማረጋገጡን፣ ውጭ ጉዳይ መሄዱን ግን አትቸኩዪበት። አብዛኛው ትምህርት ቤት መጀመሪያ ላይ የሚፈልገው ስካን ነው።

ሪኮመንዴሽን ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ኢሜይል ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ለመምህሩ በቀጥታ ሊንክ ይልካሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል እንዲሆንም ይፈልጋሉ። መምህሮቻችን ደግሞ ጂሜይል ነው የሚጠቀሙት። የተቋሙን አድራሻ ይከፍቱት እንደሆነ ቀድመሽ በትሕትና ጠይቂ። ስትሄጂ የሠራሽውን ፕሮጀክት፣ ያገኘሽውን ውጤትና የመጨረሻውን ቀን በአንድ ገጽ ይዘሽ ሂጂ። ሁለት ሳይሆን ሦስት መምህር ያዢ። አንደኛው ራሱ ፒኤችዲ አግኝቶ ሊሄድብሽ ይችላል፤ እየሆነ ያለ ነገር ነው።

ሞቲቬሽን ሌተር «ከልጅነቴ ጀምሮ ኮምፒውተር እወድ ነበር» ብሎ ከጀመረ እኔ ራሴ ማንበብ አቆማለሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ለምሳሌ የክሊኒክ መዝገብ ሲስተም ነው እንበል። መብራት ሲጠፋ ዳታው ምን ይሆን ነበር? ኔት ሲቋረጥ ምን አደረግሽ? ለምን ያንን ዳታቤዝ መረጥሽ? ያንን ጻፊ። ኮዱን ጊትሃብ ላይ አስቀምጪና ሊንኩን ስጪ። ከዚያ ፕሮግራሙ ውስጥ የትኛው ኮርስ ይህን ችግር ለመፍታት እንደሚረዳሽ በስሙ ጥሪው። ይህን ኤጀንቱ ሊጽፍልሽ አይችልም። ለሃምሳ ልጅ አንድ ደብዳቤ ነው የሚገለብጠው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ አይኤልትስ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ዝም ብለሽ ቀድመሽ አትፈተኚ። በብዛት 6.5 ይጠይቃሉ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች «የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው» የሚለውን የሬጅስትራር ደብዳቤ ይቀበላሉ። ዱኦሊንጎን የሚቀበሉም አሉ፤ እሱ ከአይኤልትስ ይረክሳል፣ ቤትሽ ሆነሽ ትፈተኚዋለሽ። ግን መስፈርቱን ሳታነቢ አንዱንም አትክፈይ።

ወደ ኤጀንቱ ልመለስ። ሁሉም ሌባ ነው አልልም። ግን ብዙዎቹ ተማሪ በላኩ ቁጥር ከዩኒቨርሲቲው ኮሚሽን ይበላሉ። ስለዚህ የሚልኩሽ ላንቺ ወደሚሻለው ሳይሆን ኮሚሽን ወደሚከፍለው ነው። ኢራስመስ ኮሚሽን አይከፍልም፤ ለዚህ ነው ስሙን ያልነገረሽ። «ቪዛ ዋስትና አለው» ካለሽ ደግሞ ቡናሽን ጨርሰሽ ውጪ። ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲው ነው። አሜሪካ ካሰብሽ ኢጁኬሽን ዩኤስኤ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የምክር አገልግሎት አለ፤ ምክሩ ነፃ ነው።

ኔት ካስቸገረሽ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነፃ ነው፤ አራት ኪሎ ስለሆነ ላንቺም ቅርብ ነው። በጠዋት ሂጂ፣ ከሰዓት በኋላ ወንበር ይጠፋል።

የኮርስ ዝርዝርሽን ስታገኚ እዚሁ ለጥፊው፤ ስምሽንና አይዲ ቁጥርሽን ሸፍኚ። ከየትኛው ፕሮግራም ጋር ኢሲቲኤሱ እንደሚገጥም አብረን እንቆጥራለን።